ጮክ ተብሎ የሚሰጥ ድምፅ

ማርች 11፣ 1861

ሰኞ። የልብስ ቀን። ሄስተር በጠዋት መጣች። የካፒቴን ትሪፕሌት ባሪያ ናት፤ በሳምንት አንድ ቀን ለእኛ ያከራያታል፣ ኪራዩንም የሚቀበለው እሱ ነው። አንሶላዎቹን ቀቀልን። ነፋሱ ጥሩ ነበር፤ እስከ ቀትር ደረቁ።

የጆኤልን ሸሚዝ ዛሬም ከሳጥኑ አላወጣሁም። ከታጠበ ምን ይቀረኛል?

ሄስተር ሳጥኑን አየት አደረገችና ወደ አንሶላዎቹ ተመለሰች። ልጄ ጆኤል ጃንዋሪ ላይ ወንዙ ውስጥ የቀረው የእሷን ልጅ ሲያሳድድ ነው፤ ሳይለስን። ካፒቴኑ የሚያወጣው የሮንድ ተራ ደርሶት ነበር። ተራው የደረሰው ነጭ ሁሉ ወጥቶ የጠፋ ባሪያ ይፈልጋል፤ ሕጉ ነው። ወንዙ ላይ የረጋው በረዶ ሳይለስን ቻለው። የእኔን አልቻለውም… ሳይለስ ወደ ሰሜን ተሻገረ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም።

ማርች 26

ባለቤቴ አይዛክ ትናንት ከተማ ውሎ ነበር። ካፒቴኑ ፍርድ ቤቱ ደጅ ቆሞ ተናግሯል። "የአይዛክን ልጅ ማን ገደለው? ባሮቻችንን የሚያስኮበልሉት ሰሜኖች!" ሰው አጨብጭቧል።

"አንተስ ምን አደረግህ?"

"ባርኔጣዬን አወለቅሁ።"

"ለምን?"

"የልጄ ስም ሲጠራ ምን ላድርግ፣ ታቢታ?"

ጆኤልን የገደለው በረዶ ነው። የሮንዱ ተራ ነው። ተራውን ያወጣው ደግሞ… ይቅር። መጻፉ እጄን ይከብደዋል።

ኤፕሪል 16

ጦርነት ተጀመረ። ደቡቦቹ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ የሰሜኖችን ምሽግ በመድፍ መቱ። ልጄ ሉተር ከወፍጮ ቤት እየሮጠ መጣ። ፊቱ በዱቄት ነጭ ሆኖ፣ ደስ ብሎት! አስራ ስምንት ዓመቱ ነው።

"እማ፣ አዝመራ ሳይሰበሰብ ያልቃል!"

የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ራት ስሰጠው እጁን እያየሁ ነበር። የጆኤልን እጅ ይመስላል።

ኤፕሪል 30

ቨርጂኒያ ከአገሪቱ አንድነት ወጥታ ከደቡቦች ጋር ትሁን ወይስ በአንድነቱ ትቆይ? ወንዶቹ ሜይ 23 ድምፅ ይሰጣሉ። እንደ ወትሮው ነው፤ ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ የተጠራውም ሌላው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብሎ ይመልሳል። አይዛክ "እቃወማለሁ" ሊል ነው። "ባሪያ የለኝ። ለትሪፕሌት ባሮች ስል ሁለተኛ ልጅ ልቅበር?" ይላል። ቤት ውስጥ፣ በሩን ዘግቶ።

"እዚያስ ትለዋለህ?"

"እለዋለሁ።"

ማጭድ እየሳለ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም።

ሜይ 13

አንሶላ ስንጨምቅ፣ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን እሷ ይዘን፣ ሄስተር ቀስ ብላ "እሜቴ፣ ባለቤትዎ ምን ሊሉ ነው በድምፁ ቀን?" አለችኝ። ደነገጥሁ።

"አንቺን ምን አገባሽ?"

"ምንም፣ እሜቴ። ነገሩ ስለ እኛ መስሎኝ ነው።"

አንሶላውን አጥብቃ ጠመዘዘችው። ጫፉ ከእጄ ሊወጣ ነበር።

ከሄደች በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሳይለስ ወሬ አለ ወይ ብዬ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ሜይ 22

የግቢው በር ላይ ገመድ ተሰቅሎ አደረ። ማነቂያው ተቋጥሮ። አይዛክ ፈታው። "ጥሩ ገመድ ነው፤ ለላሟ ይሆናል" አለ። አልሳቅሁም። እሱም አልሳቀም።

ሜይ 23

አይዛክ ሉተርን ይዞ ለድምፁ ሄዶ ተመለሰ። ራት በላን።

"ምን አልክ?"

"ካፒቴኑ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። እጁን ሉተር ትከሻ ላይ አድርጎ።"

"ምን አልክ፣ አይዛክ?"

"እደግፋለሁ አልኩ። ጸሐፊው አልሰማሁም አለ። ደግሜ ጮህኩ።"

አልተቆጣሁትም። እኔ ብሆንስ? ሴት አትጠየቅም። ሉተር ይትረፍልን እንጂ ይሁን…

ሜይ 30

ሉተር በካፒቴኑ የጦር ጓድ ተመዘገበ።

"አባባ በሰው ፊት ደግፎ የለ? እኔ ቤት ብቀመጥ ፈሪ አይሉኝም?"

አይዛክ ተነሥቶ ወደ ጋጣው ወጣ። እስኪጨልም አልገባም።

ጁን 10

ሰኞ። ሄስተር ግማሹን ልብስ አሰጣች። ጎንበስ ብላ ባልዲውን አስቀመጠች። ከዚያ በጓሮ በኩል ወደ ወንዙ ወረደች። ሩጫ የለ፣ ምን የለ… ውሃ ልትቀዳ እንደምትሄድ። አጥሩ ጋ ዞር አለች። መስኮቱ ላይ ቆሜ አየችኝ። አልጠራኋትም። መጥራት ነበረብኝ?

ሳሙናው ሳይደርቅ ካፒቴኑ ደረሰ። ከአምስት ፈረሰኞች ጋር። አንዱ ሉተር ነው።

"ወይዘሮ ታቢታ፣ ያቺ ሴት ዕቃዋን ጠቅልላ ኖሯል። በየት ሄደች?"

ሁሉም አፌን ያያሉ። ዕድሜዬን በሙሉ በሰው ፊት ተጠይቄ አላውቅም።

"በድልድዩ መንገድ" አልኩ።

"አልሰማሁም!"

"በድልድዩ መንገድ!"

ድልድዩ በሌላ አቅጣጫ ነው፣ ሄስተር ከወረደችበት የወንዝ መሻገሪያ ተቃራኒ። ሉተር መሬት መሬት ያይ ነበር። ጭቃው ላይ የእግሯ ዳና አለ፣ ወደ ጓሮ። አየው። ከዚያ እኔን አየኝ።

"እማ በድልድዩ ነው አለች እኮ! ምን ቆመን እናያለን?" አለና ፈረሱን አዞረ። ተከተሉት።

ለእሷ ብዬ ነው የዋሸሁት? ወይስ ሉተር እዚያ ወንዝ እንዳይገባ ብዬ? አላውቅም። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ እስካሁን አልተመለሱም። ድልድዩ ላይ ሲያጧትስ? ሉተርን ምን ይሉታል? ነገ ጓዱ ወደ ጦሩ ይጓዛል… አይዛክ በሩ ላይ ተቀምጧል። ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። እጄን ያዘኝ።

የቀሩትን አንሶላዎች ብቻዬን ጨመቅሁ። አንዱን ጫፍ አጥሩ ላይ አስሬ። ውሃው ገና ሞቅ ያለ ነበር። ሳጥኑን ከፍቼ የጆኤልን ሸሚዝ አጠብኩት።