ለመድኃኒት የአንጎልን በር ያስከፈቱት ተመራማሪ

ዛሬ የምንሸኛቸው እህታችን ከመምህሩ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት፣ መጋቢት 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው «ለምን» ማለት ስለሚያበዙ ቤተሰቡ «መርማሪዋ» ይላቸው ነበር። በ1970 ዓ.ም. በባዮኬሚስትሪ ዲግሪያቸውን፣ ኋላም ዶክትሬታቸውን በማዕረግ ተቀበሉ። በ1972 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

የዕድሜ ልክ ሥራቸውን የወሰነው የእናታቸው ሕመም ነው። እናት አልዛይመር በተባለው የመርሳት በሽታ ተይዘው፣ በ1983 ዓ.ም. የገዛ ልጃቸውን «የኔ ልጅ፣ የማን ነሽ?» ብለው ጠየቁ። እህታችን አላለቀሱም፤ የማስተማር ሥራቸውን ትተው ቤተ ሙከራ ገቡ።

በአንጎል ውስጥ የሚጠራቀመውን ጎጂ ፕሮቲን የሚያጸዳ ፀረ እንግዳ አካል ቢገኝም፣ አንጎልን የሚጠብቀው የደም ሥሮች አጥር ከሺህ አንዱን ቢያሳልፍ ነው። ስለዚህ በ1992 ዓ.ም. እህታችን ብረትን ከደም ወደ አንጎል የሚያስገባውን በር ይዞ እንዲሻገር ለመድኃኒቱ እጀታ አበጁለት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አያያዙን ሲያጠብቁ ኖሩ፤ ባጠበቁት ቁጥር ግን ውጤቱ ባሰ። እራት ላይ ይህንኑ ሲያማርሩ ባለቤታቸው «አንቺዬ፣ በሩ ላይ ሙጭጭ ያለ ተሳፋሪ መቼ ውስጥ ይገባል?» አሏቸው። በማግስቱ፣ አያያዛቸው ስለላላ «ደካማ» የሚል ተጽፎባቸው ከማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ የተጣሉትን ብልቃጦች አወጡ። የናቋቸው እነዚያ መድኃኒቶች በሩን ለዘብ አድርገው ይዘው፣ ወዲያ ማዶ ሲደርሱ ለቀው ገቡ። ለባልደረቦቻቸው «ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበትን ሾፌር ፈታው፤ ዶክትሬቴን ለሱ ስጡልኝ» ማለታቸው እስከ ዛሬ ያስቃል።

በ2012 ዓ.ም. በሕሙማን ላይ ሲሞከር፣ በጥቂቱ የተሰጠው መድኃኒት የተጠራቀመውን ፕሮቲን በወራት ውስጥ አጸዳ። በሽታውን ከሥሩ ባይነቅልም ግስጋሴውን ገታ አደረገው።

እህታችን በልብ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ ወንድማቸው በሕይወት አሉ። የእናታቸው በሽታ ጀምሯቸው የነበረው ወንድማቸው ይህንኑ መድኃኒት ሁለት ዓመት ወስደዋል። እህታቸው ያረፉ ዕለት ስልኩን ለማንም አላስነኩም፤ አንድ ሰው ሳይዘሉ፣ እያንዳንዱን ዘመድ በስሙ እየጠሩ፣ መርዶውን ያደረሱት እሳቸው ናቸው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በክብር ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን።