የሐሙስን ሙቀት ማክሰኞ ለሚያውቀው ጤና ጣቢያ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የምጠይቅዎ ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ፤ የእኔ ጤና በእርስዎ ሥር በምትተዳደር አንዲት ፍሪጅ ውስጥ ስለሚያድር፣ የአስተዳዳሪዋን ደህና መሆን ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ በአንዲት ክፍል ልብስ የምሰፋ፣ ስኳር ከያዘኝ አሥራ አንድ ዓመት የሆነኝ፣ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ከመድኃኒት ክፍልዎ መስኮት ፊት ተሰልፌ ኢንሱሊኔን የምወስድ ታካሚዎ ነኝ። ምስጋናዬን በአካል ላቀርብ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ በአደባባይ መጻፌን ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። በፍሪጇ በር ላይ የተለጠፈችው፣ ሙቀቱ ጠዋትና ከሰዓት እየታየ የሚሞላባት ወረቀት ከመስኮቱ ጥርት ብላ ትታያለች። ባለፈው ማክሰኞ ወረፋ ስጠብቅ ባነባት፣ ገና ያልመጡት የረቡዕ፣ የሐሙስና የዓርብ ሙቀት ከነፊርማው ተሞልቶ አገኘሁት፤ ሁሉም አምስት ዲግሪ ነው። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመኔ ደንበኛው መጥቶ ሳይቆምልኝ የወገቡን ልክ ጽፌ አላውቅም፤ ለካ ሥራዬን ሳከብድ ኖሬያለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሻዩ። በመድኃኒት ክፍሉ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ በመሆኑ የውሃ ማፍያው ሲሰካ ፍሪጇ ትነቀላለች፤ ሻዩ ከተጠጣ በኋላ ማን መልሶ እንደሚሰካት ግን የሥራ ድርሻ አልወጣለትም መሰለኝ። የዚያን ዕለት የተሰጠኝ ብልቃጥ ገና ከዶሮ ሥር እንደወጣ እንቁላል ይሞቅ ነበር። ለመድኃኒት ሠራተኛዋ ባሳያት፣ ደግ ልጅ ናት፣ አልተቆጣችኝም፤ «እትዬ፣ ምን አስጨነቀዎት፣ ቅጹ አምስት ይላል እኮ» ብላ አጽናናችኝ። በማግሥቱ ከሱቄ ባለ አራት ቀዳዳ ማከፋፈያ ገመድ ይዤ ብመጣ፣ የበር ጥበቃዎ ያልተመዘገበ ዕቃ አይገባም ብለው በትሕትና መለሱኝ። ሕግ አክባሪነታቸውን አደንቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ፍሪጇ እየተነቀለች ነው ብዬ በጽሑፍ ላቀረብኩት አቤቱታ ስለ ሰጡኝ ፈጣን መልስ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤዎ እንደሚለው ጉዳዩ በኮሚቴ ተጣርቷል፤ ኮሚቴውም ቅጹን መርምሮ አንድም ቀን ከአምስት ዲግሪ ያለፈ ሙቀት አላገኘም። ፍሪጇን ከፍቶ እጁን ያስገባ አባል ስለመኖሩ ግን ደብዳቤው ዝም ይላል።

አራተኛው ላይ ስደርስ ማመስገኑ ያቅተኛልና ፈቃድዎ ይሁን። እፈራለሁ፣ ክቡርነትዎ። መርፌዬን አንድም ቀን ሳላስተጓጉል እየወጋሁ፣ ስኳሬ ከአራት መቶ አልወርድ ካለ ወር ሊሆነው ነው። ሐኪሙ ጣፋጭ ተደብቄ የምበላ መስሎት መጀመሪያ ተቆጣኝ፤ ቀጥሎ መጠኑን ከሃያ ወደ ሠላሳ አራት ዩኒት ከፍ አደረገልኝ። ዓይኔ ጭጋግ ስለለበሰ ክር የምታስገባልኝ ልጄ ናት፤ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ሃያ መርፌ ላይ ክር አስገብታ፣ የመርፌ መሰኪያዋ ትራስ ላይ ደርድራልኝ ትወጣለች። እሱንስ ለምጄዋለሁ።

ያልለመድኩት ሌላ ነው። ኢንሱሊን ሲበላሽ አይሸትም፣ መልኩም ሁልጊዜ አይለወጥም፤ ደህናውና የሞተው ጎን ለጎን ቢቆሙ እኔ ቀርቶ ሐኪሙም በዓይኑ አይለያቸውም። ሠላሳ አራቱ ዩኒት የተተመነው ለሞተው ነው። ሻይ ባልተፈላበት ቀን የገባ ደህና ብልቃጥ ቢደርሰኝ፣ ያው ሠላሳ አራት ስኳሬን ቁልቁል ይዞት ይወርድና፣ ልጄ ከሥራ ስትመለስ መቀሴ ላይ እንደተደፋሁ ታገኘኛለች። በራሴ ሥልጣን ቀንሼ ልውጋ ብል ደግሞ፣ ብልቃጡ የሞተው ከሆነ መጨረሻዬ ያው ነው። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም፤ በምሳ ሰዓት ስትደውል ድምፄን አሳምሬ እመልስላታለሁ። ሰኞ ጠዋት ያን የሞቀውን አዲስ ብልቃጥ እከፍታለሁ፤ ሞቶ ይሁን ተርፎ አላውቅም። ጎረቤቴ ፍሪጅ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት፤ አሁንም አሁንም እየሄድኩ ስለማየው ጎረቤቴ ሥጋዋን የምቆጥርባት ሳይመስላት አይቀርም።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ፍሪጇ ስትነቀል እንደቆየች የሚገልጽ አንዲት መስመር ለሐኪሙ ይጻፉልኝ፤ እሱ ያለ ወረቀት መጠኑን እንደገና ሊያየው አልፈቀደም፣ እኔም አልፈርድበትም፣ እርስዎ ጋ ያለው ወረቀት አምስት ይላልና። መስመሯ ከሰኞ በፊት ብትደርስ ደግ ነው። ከሰኞ በኋላ ብትደርስም ልጄ ትቀበላለች።

በቅጽዎ ላይ እንደተጻፈው ሁሉ ነገር ደህና ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ቢያንስ እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ታዛዥ ታካሚዎ የሆንኩት፣

ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ ይህን ከመጻፌ በፊት፣ በዚያው ማክሰኞ፣ ከእኔ ቀጥለው የተሰለፉት ወይዘሮ የእርስዎ ወላጅ እናት መሆናቸውን ያወቅሁት ራሳቸው ሲነግሩኝ ነው። ልጃቸው የሚመራው ጤና ጣቢያ እያለ ሌላ ዘንድ እንደማይሄዱ አጫወቱኝ፤ ስኳራቸው አልወርድ ብሎ በቅርቡ መጠናቸው እንደተጨመረላቸውም እንዲሁ። ሁለት ብልቃጥ ተቀብለው በመሐረብ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ልነግራቸው አፌን ከፍቼ፣ እንዴት እንደሚኮሩብዎ ሳይ መልሼ ዘጋሁት። እሳቸውን እርስዎ ይንገሯቸው።