አርፍዶ የገባው ዜማ

መሪጌታዬ፣

ሰው ፊት "እርስዎ" እያልኩህ ኖርኩ፤ ብቻችንን ስንሆን ግን አንተ ነበርክና ዛሬም አንተ እልሃለሁ። ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ጓሮ የተከልከው ጌሾ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ደርሷል። ከአለት በተፈለፈለው ቤተ መድኃኔዓለም ላይ ትልቅ መጠለያ ተሠርቶበት ዝናብ ድንጋዩን አይነካውም፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር፣ አንተ ብታየው ምን ትል ነበር እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱ ነው የሰፋኝ።

የምጽፍልህ ስለ ልጃችን ስለ ደሳለው ነው።

ንባብ ጨርሶ ዜማ በቃሉ መያዝ ሲጀምር እንዴት እንደነበረ አትረሳውም። ጠዋት ያስያዝከው ከሰዓት በኋላ ይጠፋበታል። እኩዮቹ ሰምተው ሲሻገሩ እሱ እዚያው ይቀራል። ታላቅ እህቱ ብርቱካን ግን ማንም ሳያስተምራት፣ ጥግ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ሁሉንም ትይዘው ነበር። እሱ ሲቆምበት ከወዲያ ሆና ታቀብለዋለች። አንተም ሳቅህን እየዋጥክ "ዝም በይ አንቺ፣ ራሱ ያውጣው" ትላት ነበር።

አንድ ቀን እህትህ ጥሩወርቅ ቁጭ ብላ ስትሰማው ቆየችና፣ "ይሄ ልጅ የኛን ቤት አልመሰለም። የናቱ ዘር ገበሬ ነው፤ ዜማ ከየት ይምጣለት?" አለች። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነበር። አንተ "ተይ እንጂ" ብቻ አልካት። ያ ቃል ሆዴ ገብቶ ቀረ። ከዋድላ ገበሬ መወለዴን አፍሬበት አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ልጄ በተሳሳተ ቁጥር ስህተቱ ከደሜ የወጣ እየመሰለኝ አንገቴን እደፋ ነበር።

አንተ ግን አልተውከውም። ለሌሎቹ ብዙ ስትሰጥ ለሱ ትንሽ ቆርሰህ ትሰጠዋለህ። ያዘው ሲባል ትተኸው፣ ከቀናት በኋላ ሳያስበው ትጠይቀዋለህ። መቋሚያ አስይዘህ ግቢው ውስጥ እያመላለስክ ዜማውን ከእግሩ ጋር ታስኬደዋለህ። አለንጋ ስታነሳበት አላየሁም።

ከቀብርህ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ፣ "ይቅርበት፣ አይሆንለትም፤ ሆቴል እየተሠራ ነው፣ እዚያ ሥራ ይግባ" ተባለ። ደሳለው ቀና ብሎ፣ "አባቴ ያስጀመረኝን ሳልጨርስ አልወጣም" አለ። ያ አንገት ደፊ ልጅ በሽማግሌ መሀል ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁት። ከዚያም ኮን ከተማ ለሚያስተምሩት ለጓደኛህ ለመሪጌታ ውብሸት ሰጠሁት።

ብርቱካን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ ባዮሎጂ ታጠናለች። ለፋሲካ ስትመጣ ስለ አንጎል የተማረችውን አጫወተችኝ። ሰው ከተወለደ ጀምሮ የመያዝ አቅሙ ይለያያል አለችኝ፤ ከእናት ከአባት የሚወርሰው ነገር አንጎሉ የሚሠራበትን መንገድ ይነካዋል። አንድ ዓይነት ልምምድ ተሰጥቷቸው አንዱ በቀላሉ የሚይዘውን የሌላው አንጎል ብዙ ደክሞ ይይዘዋል። ልምምዱ ደግሞ አንጎልን ራሱን ይለውጠዋል፣ ለሁሉም እኩል ባይሆንም።

እኔ የቆየ ቁስሌን ይዤ፣ "እንግዲያ የሱ ድክመት ከኔ ነው?" አልኳት።

"እማዬ፣ እኔስ ከማን ነኝ?" አለችኝ። "ሁለታችንም ከሁለታችሁ ነን። ለየልጁ አደላደሉ ይለያያል እንጂ፣ ይሄ ከእናት ያ ከአባት ተብሎ እንዲህ አይቆረጥም።"

ስንት ዘመን የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ወረደ። አንተን ፈለግኩህ። ጎኔ ተቀምጠህ ብትሰማት ብዬ።

ከዚያ ወዲያ ለደሳለው ስንቅ ይዤ ኮን ሄድኩ። መሪጌታ ውብሸትን በፍርሃት፣ "እንዴት ነው፣ ይይዝልዎታል?" ብላቸው ሳቁ። "አባቱን አስታወሰኝ" አሉ። "ባልሽ በተማሪ ቤት ከሁላችንም የዘገየ ነበር እኮ! እኛ ይዘን ስንሄድ እሱ ከቅጥሩ ሥር ብቻውን ይመላለስ ነበር። አንዴ ከያዘ ግን ማንም አያስለቅቀውም።"

ምነው ደበቅከኝ? ያን ቀን ለጥሩወርቅ "እኔም እንዲሁ ነበርኩ" ብትላት ምን ነበረበት? አፍረህ ነው? ወይስ የኔን ሕመም አላየኸውም? ስመለስ መንገዱን ሁሉ ተቆጥቼህ መጣሁ። ቤት ስገባ ግን የምቆጣው ሰው የለም፤ ቁጣዬም በእንባ ወጣልኝ።

ዘንድሮ ለገና ደሳለው መጣ። ቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የአለት አፋፍ ላይ ከካህናቱ ጋር ተሰልፎ፣ ነጭ ለብሶ፣ መቋሚያ ይዞ አየሁት። ከታች ሆኜ አንዲት ቃል እንዳይስት እየፈራሁ ከንፈሩን እመለከት ነበር። አልሳተም። ጥሩወርቅ ክንዴን ይዛ፣ "ቁርጥ አባቱን!" አለች እንባዋ እየወረደ።

"አዎ፣ የእናቱም ልጅ ነው" አልኳት። እጄን ጠበቅ አደረገችው።

አሁን አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። መልክህ አልጠፋኝም፤ ድምፅህ ግን እየራቀኝ ነው። ስሜን ስትጠራ የመጨረሻዋን ፊደል ዝቅ ታደርጋት ነበር፣ ያንን ለማግኘት አንዳንድ ቀን ብዙ እደክማለሁ። በር ላይ ጉሮሮህን ስትጠርግ፣ ጫማህን ስታወልቅ ስታጉረመርም፣ "አለሽ?" ስትለኝ፤ ዛሬ አንዷን፣ ነገ ሌላዋን እያነሳሁ ለራሴ እደግማቸዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ሆኛለሁ። የኔ ጭንቅላት ፈጣን ይሁን ዘገምተኛ አላውቅም። ይዤህ ግን አለሁ፣ አለቅህም። "አለሽ?" ስትለኝ እንደምመልስልህ ሁሉ፦ አለሁ።

ባለቤትህ