በድልድዩ ሂጂ

ልጄ ኢናስ፣ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያገናኝሽ።

አንደኛ፣ የእናትሽ ጉልበት ተሽሏታል። ሁለተኛ፣ ፈተናውን ማለፍሽ ቤቱን አስደስቶታል። ሦስተኛው ግን አሳስቦኛል። በላክሽው ቪዲዮ ድልድዩን ትተሽ በረዶ የሆነው ወንዝ ላይ ትሄጃለሽ፤ ከኋላሽ የመብራት ማመንጫው ይጨሳል። ሙቅ ውሃውን ወንዙ ውስጥ ነው የሚለቀው አሉ። እዚያ ጋ በረዶው አይታመንም።

አጎትሽ ከድሩ ለስላሳ የምናቀዘቅዝበት የበረዶ በርሜል ውስጥ በቀትር ከጣሪያው ሮቶ ውሃ ጨመረ፤ የሰመራ ፀሐይ እንዳሞቀው ረስቶ። በረዶው ከላይ ደህና ይመስላል፤ በጣቴ ስጫነው ተሰበረ፣ ከሥር አልቋል። ይህን ልጽፍልሽ ስል «ሰመራ ተቀምጠህ ስለ በረዶ ልታስተምር!» ብሎ ሳቀብኝ።

ይሳቅ። አንቺ ቢርቅም በድልድዩ ሂጂ። ትምህርትሽን ጨርሰሽ በሰላም ትመጫለሽ፣ ኢንሻአላህ። አላህ እግርሽን ጠንካራ ቦታ ያቁመው። ድልድዩ ላይ ሆነሽ አንድ ፎቶ ላኪልኝ።

አባትሽ