እስከ አሥር ሜጋ

ረቡዕ፣ ጥር 6። ከሰዓት፣ 10 ሰዓት

ዛሬም ምስሉ ቆመ። እማ «ልጄ፣ እግርሽ» ብላ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ስለ እብጠቱ ልትጠይቀኝ ነበር። መሐል ላይ ያቺ ክብ መሽከርከር ጀመረች። ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች፣ ከዚያ እማ ጠፋች። መልሼ ደወልኩ። ወንድሜ ኑሩ አነሳ። ኔትወርክ ነው፣ ነገ እንሞክር አለኝ። የሁልጊዜ መልሱ ነው።

በተራ ስልክ ለምን አታወሪም ይሉኛል። ከእማ ጋር አይሆንም። ጆሮዋ ከደከመ ቆየ። የምትሰማው ከንፈር እያየች ነው። ፊቴን ካላየች ለእሷ የለሁም።

እኔ ቢቸና፣ እሷ ሞጣ። በደህናው ጊዜ ጠዋት ተሳፍሮ ለምሳ መድረስ ነበር። አሁን መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ። ክፍት ቢሆንም ለእኔ አልተፈቀደም። ሰባት ወር ገብቶኛል። ደም ግፊቴ ከፍ ብሏል። የጠ/ጣቢያዋ ሲስተር ከአልጋ እንዳትወርጂ ብላኛለች። አምና አንዱን አጥቻለሁ፣ ስለዚህ አልከራከርም። ት/ቤት የለም። ባዮሎጂ ማስተማር የለም። አልጋ፣ ግድግዳ፣ አንቺ ደብተሬ።

ባሌ እድሪስ የቤት ኢንተርኔቱን ያስገባው ለዚህ ነበር፤ እማን እንዳይ። የልቧ ድካም ብሶባታል፣ ያውቃል። የውሉ ወረቀት በትልቁ 10 ሜጋ ይላል። አሥሩ የት ገባ?


ዓርብ፣ ጥር 8። ጠዋት፣ 3 ሰዓት

ሥራ አገኘሁ። አሥሩን ሜጋ መፈለግ።

በላፕቶፕ የድሮ ፈተና አወረድኩ። በሴኮንድ አንድ ሜጋ እንኳ አይሞላም። ደሜ ፈላ። ለደም ግፊቱ ጥሩ አይደለም፣ አውቃለሁ። የኢንተርኔቱ ቢሮ ደወልኩ። ያነሳው ሰው ትሁት ነው፣ «መምህርት» እያለ በ«እርስዎ» ነው የሚያናግረኝ። እኛ የምንሸጠው በሜጋ ቢት ነው፣ ኮምፒውተርዎ የሚቆጥረው በሜጋ ባይት ነው አለኝ። ስምንቱ ቢት አንድ ባይት። አሥሩን ለስምንት ማካፈል ነው። አንድ ከምናምን ይመጣል። እንግዲህ ሙሉው አሥር ቢመጣ እንኳ ስክሪኔ ላይ የማየው አንድ ከምናምን ብቻ ነው። እኔ አንድም አይሞላልኝ።

ደግሞ ወረቀቱን እንደገና ይዩት አለኝ። አየሁት። ከ10 ፊት በደቃቅ ፊደል «እስከ» ይላል። እስከ 10። ሦስትም እስከ አሥር ነው። ግማሽም እስከ አሥር ነው። ለካ ቅኔ ቤት ሳይገቡም ሰምና ወርቅ ይዘረፋል።

ሳቅሁ። ለእድሪስ ነገርኩት፣ እሱም ሳቀ። እሱ ወደ እህል በረንዳው ሲወጣ አለቀስኩ። ምን እንደነካኝ እንጃ።


ሰኞ፣ ጥር 11። ጥምቀት

ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ወጥቷል። ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። እኛና ዶሮዎቹ ብቻ ቀረን። እስቲ ብዬ ደወልኩ።

እማ ጥርት ብላ መጣች!

እንዲህ ካየኋት ቆይቷል። ትራስ ተደራርቦላት ተቀምጣለች። ሆድሽን አሳዪኝ አለች። ተነሥቼ በጎን ቆምኩላት። በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። ወንድ ነው አለች። በምን አወቅሽ ስላት በቅርፁ አለችኝ። ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታል። ከንፈሯ ጠቆር ብሏል፤ ምስሉ ጥሩ ሲሆን ይሄም ይታያል። እንዴት ነሽ አልኳት። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ አንቺ ብቻ በሰላም ተገላገይ አለች። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ኑሩ ደክሟታል ብሎ ስልኩን ወሰደ።

ከሰዓት ታቦቱ ገባ፣ ሰዉም ገባ። መልሼ ብደውል መስመሩ ሞቷል። ጎረቤታችን እትዬ አበባ ድፎ ይዛልን መጣች፣ ልጆቿ ያነሡትን ቪዲዮ ሁሉ እየላኩ እንደሆነ ነገረችኝ። ያኔ ገባኝ። የሰፈሩ መስመር እንደ ሰፈር ቦኖ ነው። ብቻህን ስትቀዳ ይንፎለፎላል። ሁሉም ጄሪካኑን ሲደቅን ይንጠባጠባል። ለካ የእኔ አሥር የብቻዬ አይደለም።


ረቡዕ፣ ጥር 13። ከሰዓት

ከኢንተርኔቱ ቢሮ ቴክኒሻን መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ። ራውተሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እድሪስ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው ያስቀመጠው፣ እንዳይነካ ብሎ። ፊቱ ሙሉ መስታወት፣ ጀርባው የጭቃ ግድግዳ። ዋይፋዩ እዚያው ታንቆ ይቀራል አለ። ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ከዚያ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ ለካ። መጀመሪያ በኬብል፣ ቀጥሎ ከአልጋዬ። ልዩነቱን አሳየኝ። ከመንገድ እስከ ቤት የሚጠፋው ሌላ፣ ከራውተር እስከ አልጋ የሚጠፋው ሌላ። ሁለት ሌባ ነው ያለብኝ።

በኬብልም ገና አልሞላም። ውጭ ወጣ። ምሰሶው ሥር የሽቦው መጋጠሚያ በፌስታል ተጠቅልሏል፣ ውስጡ ዝጓል። ሽቦ ይዤ እመለሳለሁ አለ።

ደስ አለኝ። እድሪስን ልነግረው ስጠራው ጓሮ ቆሞ በስልክ ያወራል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሲገባ ፊቱ ጠቁሯል። ምነው? የጤፍ ዋጋ ተበላሸ አለኝ። አሁኑኑ የጁቤ ገበያ መሄድ አለብኝ፣ የጭነት መኪና አግኝቻለሁ አለ። ግንባሬን ስሞ ወጣ። ሳያወልቀው የሚሰነብተውን የሥራ ጃኬቱን ጥሎ፣ የጁምዓ ልብሱን ለብሶ።


ቅዳሜ፣ ጥር 16

ሽቦው ተቀየረ። ለካን። ዘጠኝ ሜጋ ቢት! ከአልጋዬ ሆኜ! ቴክኒሻኑ እንኳ ፈገግ አለ።

ወዲያው ሞጣ ደወልኩ። ድምፅ ብቻ። ኑሩ ነው። ድምፁ ጎርንኗል፣ ጉንፋን ይዞኛል አለ። እማስ? ተኝታለች። ቀስቅሳት፣ መስመሩ ተሠርቷል። በእኛ በኩል ኔትወርክ የለም አለ።

እድሪስ ከየጁቤ ተመለሰ። ያለ ጤፍ። ምሳ ቀርቦለት ሁለት ጉርሻ በላና ተወው። ዘጠኙን ሜጋ ነገርኩት። ጎበዝ አለኝ፣ ሊያየኝ ግን አልፈለገም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ኪሳራው ከባድ መሆን አለበት። አልጠይቀውም።


ማክሰኞ፣ ጥር 19። ጠዋት

ምስል የለም። ትናንትም አልነበረም። ከትናንት ወዲያም።

አልጋ ላይ ሆኜ ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው አሥር የማውረጃው ነው። የሚመጣልኝን የምቀበልበት። የእማ ፊት ግን ከዚያ ተልኮ ነው የሚመጣ። ቴክኒሻኑን ደውዬ ጠየቅሁት። ልክ ነሽ አለ። የመላኪያው ፍጥነት ከማውረጃው ያነሰ ነው፣ ወንድምሽ ደግሞ በሞባይል ዳታ ነው፣ እነሱ ጋ ከጠበበ አንቺ ጋ ቢሰፋም አይረባሽም። ስንት ቀን ደጄን ሳሰፋ ኖሬ፣ የጠበበው የእነሱ ደጅ።

እንግዲያው መላ አለው። ለኑሩ ደወልኩ። በቀጥታ ካልሆነ አጭር ቪዲዮ ቅረጽና ላክልኝ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን ይደርሳል አልኩት። እሺ አለ።

ከሰዓት፣ 11 ሰዓት

አልላከም። ቪዲዮው ከከበደ ፎቶ ይሁን አልኩ። አንድ ፎቶ። እሺ፣ እሺ።

ፎቶም አልመጣም። ፎቶ እኮ በምንም ዓይነት ኔትወርክ ይደርሳል።

ይሄን ጽፌ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። እንደገና አነሣሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ልጁ ይራገጣል።


ዓርብ፣ ጥር 22። ጠዋት፣ 4 ሰዓት

ሐያት ጋ ደወልኩ። አብሮ አደጌ ናት። ሞጣ፣ ከእማ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ነው ቤቷ። በምስል ነው የደወልኩት፣ መስመሩን ልፈትን። አነሣች። ጥርት ያለ ነው። ከጀርባዋ የተሰቀለው መጋረጃ አበባው ሳይቀር ይታያል። ያንኑ የሞባይል ዳታ ነው የምትጠቀመው።

ስለ ሆዴ ጠየቀችኝ፣ ስለ እግሬ። መለስኩላት። ከዚያ አልኳት፦

«ሐያትዬ፣ ስልኩን እንደያዝሽ እማ ጋ ግቢልኝ። ለአንድ አፍታ።»

«ኧ... ምን አልሽ? ሰአዳ? እየተቆራረጠ ነው» አለች።

አልተቆራረጠም። ከንፈሯ ከድምፅዋ ጋር እኩል ነው የሚንቀሳቀሰው። ዓይኗ ሲሞላ አየሁት። በሻርፗ ጫፍ ስትጠርገው አየሁት።

«ኔትወርኩ ነው፣ እህቴ። አይሰማኝም» አለችና ዘጋችው።


እዚያው ቀን። ከሰዓት

እድሪስ ከጁምዓ ተመለሰ። ጫማውን እስኪያወልቅ አልጠበቅሁም።

«የጁቤ አልነበርክም።»

ከጫማው ማሰሪያ ላይ እጁን አነሣ።

«እማን ቀብረህ ነው የመጣህ?»

በሩን ተደገፈ። «ኢንና ሊላሂ...» ብሎ ጀመረ፣ አልጨረሰውም። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ባሌ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

የሞተችው ያን ረቡዕ ነው፣ ጥር 13። ያኔ ጓሮ ሆኖ በስልክ ያወራው ይሄንኑ ነው። ቴክኒሻኑ ምሰሶው ሥር ሽቦውን ሲፈትሽ እማ ሞታ ነበር።

ለምን አልኩት። ራሷ ናት አለ። ጥምቀት ለት፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ኑሩን አስምላዋለች። ሰአዳ እስክትገላገል እንዳትነግሯት፣ በነፍሰ ጡር መርዶ አይጣልም ብላ። ሲስተሯንም ጠይቀናል፣ እሷም እንዲቆይ ነው የመከረችን አለ።

«ሽቦው ተቀየረ ስልህ ጎበዝ አልከኝ» አልኩት።

«አሥሩን ሜጋ ስትፈልጊ አታለቅሺም ነበር» አለ። «እኔ ምን ላድርግ? እሱን ስትሠሪ ውለሽ ደህና ታድሪያለሽ። ተውኩሽ።»

መታሁት። ደረቱን። እጄን አልያዘኝም።


ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሞጣ እሄዳለሁ ብዬ ልብሴን ሸከፍኩ። አልከለከለኝም። መጀመሪያ ጠ/ጣቢያ እንለፍ ብቻ አለ። በባጃጅ ሄድን። ሲስተር ክንዴን ጠቅልላ ለካችኝ። ሌላኛውንም ክንዴን ለካችኝ። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። መኪና ላይ ከወጣሽ አንቺንም ልጁንም መንገድ ላይ ልናጣ እንችላለን አለች። ሳትቆጣ ነው ያለችኝ። ብትቆጣ እሄድ ነበር።

ተመለስን። ቤቱ ሞልቶ ጠበቀኝ። ሼኹ ዱዓ አደረጉ። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ሴት ወለሉ ላይ ተደርድሯል። እትዬ አበባ ከአልጋዬ ሥር ተቀምጣ እግሬን ያዘች። እግዜር ያጥናሽ አለች። ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። አንገቷን ደፋች። ሁሉም ያውቅ ነበር። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያላወቅሁ እኔ ብቻ።

ስለ ኢንተርኔት ግን አውቅ ነበር። ቢት፣ ባይት፣ መጋጠሚያ፣ ግድግዳ። ምን ያደርግልኛል።

ተዪኝ ደብተሬ። ደክሞኛል።


እሑድ፣ ጥር 24። ጠዋት

ተኝቼ አስብ ነበር። አልሄድም። ወሰንኩ። ይሄን ልጅ መንገድ ላይ አልጥለውም። አምናን አልደግመውም። ሳላያት ግን አልቀመጥም።

ለኑሩ ደወልኩ። «ሰአዳ» ከማለቱ ድምፁ ተሰበረ። አልተቀየምኩህም አልኩት። ውሸቴን ነው፣ ተቀይሜዋለሁ፣ ገና ብዙ ጊዜ እቀየመዋለሁ። ግን እሱም እናቱ ናት የሞተችበት። እሱም በዚህ ሁሉ ቀን ሐዘንተኛ ሆኖ ሳለ ለእኔ ጉንፋን ነው እያለ ድምፁን ሲያስተካክል ነው የከረመ።

«ቤቱን አሳየኝ» አልኩት። «አልጋዋን። ከዚያ ስልኩን እንደያዝክ መቃብሯ ድረስ ትወስደኛለህ።»

«ምስሉ ቢቆምስ?» አለ።

«ይቁም። እንደገና ትደውላለህ።»

እሺ አለ። ጫማ ላድርግ አለ።

እድሪስ ገብቶ ትራሱን ከጀርባዬ አቃናልኝ። በሩ ላይ ቆሟል፣ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ ብሎ። ውጣ አላልኩትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ገና አሁን ነው የቀረበኝ።

ስልኩ ጠራ። ኑሩ ነው። በምስል። ላንሣው።