ትንኝ የናቀችው ካልሲ

ሰኞ

ሥራ ቀጠሩኝ። ግን ለሙከራ ነው። አርብ የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ራሔል ወይ ቆዪ ይሉኛል፣ ወይ ወደ ጨፋ ሮቢት፣ ወደ አባቴ እህል መጋዘን። ከተመረቅሁ ጀምሮ በቆሎና ማሽላ ስመዝን ነው የኖርኩት። መመለስ አልፈልግም።

ዩኒቨርሲቲው እዚህ ከሚሴ ቤት ተከራይቶ ትንኝ ያረባል። ወባ የሌለባት፣ ንጹህ ትንኝ። የሚጠናው የማንን ጠረን እንደምትወድ ነው። ለእኔና ለሥራ ባልደረባዬ ለዳዊት ስስ የናይለን ካልሲ ተሰጠን። አድርገነው እንውላለን፣ አድርገነው እናድራለን። ጠዋት ሹካ የመሰለ የመስታወት ቱቦ አንዱ ጫፍ ላይ ያደርንበት ካልሲ ይገባል፣ ሌላው ጫፍ ላይ አዲስ ካልሲ። ትንኞቹ ይመርጣሉ። ትእዛዙ አንድ ነው፦ እግር አትታጠቡ።

እናቴ በስልክ፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቢንቢ ለመቀለብ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?" አለች።

ማክሰኞ

የዳዊት ካልሲ ላይ ትንኞቹ ተንጋጉ። ዳዊት የደሴ ልጅ ነው፣ ከእኔ ቀድሞ የተቀጠረ፣ አፉ የማያርፍ። ወደ እኔ ካልሲ የመጡት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም መንገድ የሳቱ ይመስላሉ።

"አንቺንስ ትንኝም ናቀችሽ" አለኝ። ጥርሴ ሳቀ እንጂ ሆዴስ አልሳቀም።

ረቡዕ

ዛሬም ያው። ዶክተር ራሔል መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ካልሲውን አድርገሽው ነው ያደርሽው ወይስ ቦርሳሽ ውስጥ ነበር?"

አድርጌው ነው አልኩ። መዝገባቸው ላይ ምልክት አደረጉ። ያሳረረችኝ ያቺ ምልክት ናት። ወላሂ ዋሾ አይደለሁም። ምሳ አልበላ አለኝ። በባጃጅ እስከ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ ለምን እንደሄድኩ እንጃ።

ሐሙስ

ለዙህር ሶላት ከቤቱ ጀርባ ቧንቧው ጋ ካልሲውን አውልቄ ውዱእ ሳደርግ፣ እጄ ተረከዜ ላይ ቀጥ አለ። በቀን አምስቴ ነው እኮ እግሬን የማጥበው። ሳሙና ስላልነካሁ ትእዛዙን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ለውዱእ የፈሰሰች ውሃ ምን ታጠፋለች ብዬ።

አሁን ምን ልበል? ብናገር፣ ሥራ አበላሸች። ዝም ብል፣ ሰነፍ፣ ዋሾ። እግሬን በማጠብ ፋንታ ካልሲውን ከላይ በእርጥብ እጅ ላብሰው እንዳልል ስስ ናይለን ነው፣ ለውዱእ አይሆንም። ሶላቴን ደግሞ ለትንኝ ብዬ አልተውም። ኧረ ምን ጉድ ውስጥ ገባሁ። የዶክተር ራሔል በር ላይ እየደረስኩ ስመለስ ዋልኩ።

አርብ

ነገርኳቸው። በአንድ ትንፋሽ።

"የሳምንቱን ሥራ ውሃ በላው" አሉ። ተቆጡ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ከዚያ መዝገባቸውን ገልጠው፣ "የዚህ አካባቢ ሰው የመጨረሻውን ሶላት መቼ ነው የሚሰግደው?" አሉኝ።

"ኢሻን ሰግደን ነው የምንተኛው።"

"እግራችሁን ታጥባችሁ?"

"አዎ።"

ትንኝ ለመንከስ የምትወጣውም ያን ጊዜ፣ እግር በታጠበበት ሰዓት ነው። ዳዊት እንኳ አልቀለደም። "እንግዲያ ሁለቱንም መሞከር አለብን፤ የታጠበውን እግርና ያልታጠበውን" አሉ ዶክተር ራሔል። የታጠበውን ማን እንደሚያመጣ ግን አልተናገሩም። ቆዪም ሂጂም አላሉኝም።

ሊወጡ ሲሉ የትንኞቹን ክፍል ቁልፍ ሰጡኝ። "ቅዳሜና እሁድ የስኳር ውሃቸውን ቀይሪላቸው።"

ለሚባረር ሰው ቁልፍ ይሰጣል? እኔ እንጃ። ሻሼ ጫፍ ላይ ቋጥሬዋለሁ፣ በየደቂቃው እዳብሰዋለሁ።

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። "በይ በጊዜ ተኚ" አለችኝ፣ "ነገ ቢንቢዎችሽን እንዳይርባቸው።"