ጋዙ ከዓይናቸው እስኪጠፋ፦ የታላቅ እህታችን የሕይወት ታሪክ

የማተሚያ ቤት አራሚ የነበሩት ታላቅ እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ኅዳር 3 ቀን 1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ሦስት ነበርን፦ እሳቸው፣ መካከለኛው ወንድማችንና ይህን የምጽፈው የመጨረሻው ልጅ። እናታችን ገና በልጅነታችን ስላለፉ እኛን ሁለታችንን አጥበው፣ አልብሰውና ተቆጥተው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። በቁጣው በኩል ምንም አልጎደለብንም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰው በ1962 ዓ.ም. በአራሚነት ተቀጠሩ። ግራ ዓይናቸው በልጅነት ሕመም ስለጠፋ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያረሙት በአንድ ዓይን ነው። በ1968 ዓ.ም. ከአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ልጅ ሳይወልዱ በስድስተኛው ዓመት ባለቤታቸው በልብ ሕመም ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ፎቅ ላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለብቻቸው ኖሩ። ባሕር ማዶ የሚኖረው ወንድማችን እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይደውልላቸው ነበር። ወንበራቸውን ስልኩ አጠገብ ስበው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ይጠብቁት ነበር። በስልክ ማንም አያይሽም ብላቸው አልሰሙኝም።

በ2008 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ከጡረታ በኋላም በኮንትራት ሲሠሩ፣ አንድ ገጽ መሃሉ ላይ ቀለም ፈሶበታል ብለው ወደ ማሽን ክፍል መለሱ። በድጋሚ ታትሞ መጣ፤ መለሱት። በሦስተኛው ማሽኒስቱ ራሱ ወረቀቱን ይዞ መጣና፣ «እትዬ፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ እባክዎ ዓይንዎን ይታዩ» አላቸው።

በማግስቱ ይዣቸው የሄድኩባት የዓይን ሐኪም፣ ከዓይን ጀርባ ካለውና ሬቲና ከሚባለው ስስ ሽፋን ሥር፣ ልክ መሃሉ ላይ ደም መቋጠሩን ነገረችን። ደሙን ከመሃል የሚገፋ ጋዝ ዓይናቸው ውስጥ በመርፌ ሰጠቻቸው። ትእዛዙ ሁለት ነበር፦ ሰባት ቀን ፊትን ወደ ታች ደፍቶ መቆየት፣ ጋዙ እስኪጠፋ ድረስም አውሮፕላን አለመሳፈር። ሰማይ ላይ ጋዙ ይለጠጥና ዓይኑን ያጠፋዋል።

«ዕድሜ ልኬን አቀርቅሬ ኖሬ፣ መድኃኒቴም ማቀርቀር ይሁን?» ብለው ሐኪሟን አሳቋት። ቤት ግን የሚያስቁት ሰው አልነበረም። መምህር ስለሆንኩ የምደርሰው ከሥራ ስወጣ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ግንባራቸውን የታጠፈ ፎጣ ላይ ደፍተው የወለሉን ስንጥቅ ሲያዩ ይውላሉ፤ ስገባም የሚለዩኝ በጫማዬ ነበር። ጋዙ ዓይናቸው ውስጥ ሲንቀሳቀስ የአባታችን ውሃ ልክ ውስጥ ያለችውን አረፋ እንደሚመስል ነገሩኝ።

በአራተኛው ቀን የወንድማችን ባለቤት ደወለችልኝ። ሆስፒታል ገብቷል፣ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠዋል፣ «እታለምን አምጡልኝ» ይላል አለችኝ። ለእህታችን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ዓይናቸውን ጥለው እንደሚሳፈሩ አውቅ ነበር። «ምነው እሑድ ሳይደውል ቀረ?» ሲሉኝ፣ እንድታርፊ ብሎ ነው አልኳቸው። በአሥራ አንደኛው ቀን ወንድማችን ዐረፈ። ጋዙ የጠፋው በሃያ አራተኛው ቀን ነው፤ የዚያኑ ዕለት ከሐኪም ቤት ስንመለስ መርዶውን ነገርኳቸው።

አልጮኹም። «ጠይቆኝ ነበር?» አሉ።

«ራሱን አያውቅም ነበር» አልኳቸው። ዋሸሁ።

ዓይናቸው ተርፎ እስከ መጨረሻው አነበቡ። እሑድ እሑድም ወንበሩን ስልኩ አጠገብ ስበው መቀመጣቸውን አልተዉም። እኔ በዚያ ሰዓት መደወል ጀምሬ ነበር፤ ግን ስልኩን ሲያነሱና «አንተ ነህ?» ሲሉ በሚያሰሙት ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት ከበደኝና ተውኩት። መደወሉንም ባልተወው ይሻል ነበር።

እህታችን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ከኋላቸው የቀረነው እኔ፣ የወንድማችን ባለቤትና ሁለቱ ልጆቿ ነን። ልትሸኟቸው ለመጣችሁ ሁሉ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል።

እታለም፣ ጠይቆሽ ነበር። የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር «መጣች?» ይል ነበር። ነፍስሽን ፈጣሪ ከእሱ ጎን ያሳርፍልኝ። እሱ ሳይነግርሽ በፊት ከእኔ አፍ ስሚው ብዬ ነው።